ከባርያ መዝገብ እስከ መሠዊያ፤ ስለ ጠበቃይቱ ስለ ፖሊ መሬይ የተነገረ ንግግር



በኦሪት ሕግ ኢዮቤልዩ ማለት የዓመታት ቍጥር የሚዘከርበት በዓል ብቻ አልነበረም፤ ባርያ የሆነው ነጻ የሚወጣበት፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ዓመት ነበረ። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩ፥ ባርነት ትቶት የሄደውን ቀንበር በሕግ ዕውቀት ለመስበር ስለ ደከሙ፥ በመጨረሻም ራሳቸውን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ስለ ሰጡ ስለ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት መናገር የተገባ ነው። እኒህም ሴት ፖሊ መሬይ ይባላሉ። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፖሊ መሬይ ኖቬምበር 20 ቀን 1910 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ ተወለዱ። ገና በ3 ዓመታቸው እናታቸው ስለ ሞቱባቸው፥ በሰሜን ካሮላይና አገር በዱራም ከተማ መምህርት የነበሩት አክስታቸውና አያቶቻቸው አሳደጓቸው። ወንድ አያታቸው ሮበርት ፊትዝጄራልድ ባርነትን ባስቀረው ጦርነት ከሰሜኑ ወገን ተሰልፈው የተዋጉ፥ ከጦርነቱም በኋላ ነጻ ለወጡት ጥቁሮች ፊደል ያስተማሩ ሰው ነበሩ።

ሴት አያታቸው ኮርኔልያ ግን የተወለዱት በባርነት ነበር፤ እናታቸው ባርያ፥ አባታቸው የጌቶቹ ቤት ልጅ ነበረና። ኮርኔልያም በልጅነታቸው በ1854 ዓ.ም. በቻፕል ሂል ከተማ «የመስቀል ቤተ ጸሎት» በሚባለው የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ተጠመቁ። በጥምቀቱም መዝገብ የተጻፉት ሜሪ ረፊን ስሚዝ ለሚባሉ እመቤት ከሚገዙት አገልጋዮች ልጆች እንደ አንዲቱ ሆነው ነው። ቤተ ክርስቲያን የእግዚአብሔር ልጅ ብላ የተቀበለችው ሕፃን፥ በዚያው መዝገብ የሰው ገንዘብ ሆኖ ተቈጠረ። እመቤቲቱም በሞቱ ጊዜ ከርስታቸው ከፊሉን ለሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አወረሱ።

ፖሊ በ1933 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከሃንተር ኮሌጅ ተመረቁ። በ1938 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ለመቀጠል ወደዚያው ወደ ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቢያመለክቱ፥ የዘርዎ ሰዎች አይገቡበትም የሚል መልስ ደረሳቸው። አያታቸውን በባርነት ከገዛው ቤት ርስት የተቀበለው ትምህርት ቤት የልጅ ልጂቱን ከደጁ መለሰ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ በቨርጂንያ በአውቶቡስ ሲሄዱ፥ ለጥቁሮች ከተለየው ከተሰበረው ወንበር ላይ አንቀመጥም በማለታቸው ከባልንጀራቸው ጋር ታሰሩ። ከዚህ በኋላ ግፍን በለቅሶ ሳይሆን በሕግ ለመከራከር ቈርጠው በ1941 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ገቡ።

በዚያም በክፍላቸው ሴት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። በዚያን ዘመን «የተለየ ቢሆንም እኩል ነው» የሚለው የ1896 ዓ.ም. ፍርድ ጸንቶ ስለ ነበረ፥ ጠበቆች ሁሉ ይከራከሩ የነበሩት ለጥቁሮች የተለየው ትምህርት ቤት ከነጮቹ ጋር እኩል አይደለም እያሉ ነበር። ፖሊ ግን፥ መለየቱ ራሱ ሕገ መንግሥቱን የሚያፈርስ ስለ ሆነ ሥሩን መቍረጥ ይገባል ብለው ተናገሩ። የክፍል ጓደኞቻቸውም ሣቁባቸው። እርሳቸውም ያ ፍርድ በ25 ዓመት ውስጥ ይሻራል ብለው ከመምህራቸው ከስፖትስዉድ ሮቢንሰን ጋር በ10 ዶላር ተወራረዱ። በ1944 ዓ.ም. ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ተመረቁ፤ ፍርዱም ከዚያ 10 ዓመት በኋላ፥ በ1954 ዓ.ም. ተሻረ። መምህሩና ባልደረቦቻቸው ለዚያ ክርክር ሲዘጋጁ የቀድሞ ተማሪያቸውን ጽሑፍ አውጥተው እንደ ተመለከቱት ፖሊ የሰሙት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አንደኛ ለወጣ ተማሪ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ማስፋት የተለመደ ነበር። ፖሊ ባመለከቱ ጊዜ ግን ሴት ናቸውና አይገቡም ተባሉ። በአንዱ ደጅ ጥቁር በመሆናቸው፥ በሁለተኛው ሴት በመሆናቸው ተመለሱ። እርሳቸውም በካሊፎርንያ በበርክሊ ተምረው በ1945 ዓ.ም. ሁለተኛውን ዲግሪ ተቀበሉ።

የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማኅበር ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል በሕግ የሚከለክለው የትኛው ግዛት እንደ ሆነ ለማወቅ በፈለገ ጊዜ ሥራውን ለፖሊ ሰጠ። እርሳቸውም የየግዛቱን ሕግ አንድ በአንድ መርምረው በ1951 ዓ.ም. ከ700 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ አወጡ። ለጥቁሮች መብት ይከራከሩ የነበሩ ጠበቆችም ይህን መጽሐፍ ከእጃቸው አይለዩትም ነበር። በ1965 ዓ.ም. በዬል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዶክተር ሆኑ፤ በዚያ ይህን ማዕርግ ካገኙት ጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያዪቱ ናቸው። በ1971 ዓ.ም. ሩት ባደር ጊንስበርግ ስለ ሴቶች እኩልነት ለላይኛው ፍርድ ቤት የክርክር ጽሑፍ ሲያቀርቡ፥ ሐሳቡን አስቀድመው ያስገኙትን ለማክበር የፖሊን ስም በጽሑፉ ላይ አኖሩ።

በ1973 ዓ.ም. የቅርብ ወዳጃቸው በጽኑ ሕመም ባረፉ ጊዜ ፖሊ በአልጋቸው አጠገብ ነበሩ። ከዚህም ኀዘን በኋላ የዩኒቨርሲቲ መምህርነታቸውን ትተው በ62 ዓመታቸው ወደ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ገቡ። የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ለሴቶች ክህነት በፈቀደች ጊዜ ጃንዋሪ 8 ቀን 1977 ዓ.ም. በዋሽንግተን ካቴድራል ተሾሙ፤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ካህን ከሆኑት ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዪቱ እርሳቸው ናቸው። የክህነት ሥርዓት በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንደሚለያይ የታወቀ ነው፤ ይህም ንግግር ስለ ሥርዓቱ ለመከራከር አልተዘጋጀም።

ነገር ግን ከአንድ ወር በኋላ፥ ፌብሩዋሪ 13 ቀን የሆነው ነገር ለሁሉ የሚገባ ነው። ፖሊ የመጀመሪያውን ቅዳሴያቸውን የቀደሱት በቻፕል ሂል፥ አያታቸው ኮርኔልያ በተጠመቁበት በዚያው በመስቀል ቤተ ጸሎት ነው። ያነበቡት ከአያታቸው መጽሐፍ ቅዱስ ሲሆን፥ መጽሐፉ ያረፈበት አትሮንስ የሜሪ ረፊን ስሚዝ መታሰቢያ ነበር። የባርያይቱ የልጅ ልጅ፥ በእመቤቲቱ ስም በቆመው አትሮንስ ፊት፥ ለነጭም ለጥቁርም ሥጋውን ደሙን አቀበሉ። ከዚያም በኋላ በዋሽንግተንና በባልቲሞር ምእመናንን ሲያገለግሉ ኖረው ጁላይ 1 ቀን 1985 ዓ.ም. በፒትስበርግ ከተማ ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያናቸውም በ2012 ዓ.ም. በየዓመቱ በዚያ ቀን እንዲታሰቡ ወሰነች።

የተከበራችሁ ምእመናን፤ ፖሊ መሬይ ከዘሩት እህል ብዙውን ያጨዱት ሌሎች ናቸው። ሆኖም ደጅ በተዘጋባቸው ጊዜ ሁሉ፥ ለራሳቸው መግቢያ ቀዳዳ ከመፈለግ ይልቅ ከኋላቸው ለሚመጡት ቍልፉን መሥራት መረጡ። ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ማሳሰቢያ አለ። በ1854 ዓ.ም. ብዕሩን ይዞ የጻፈው ሰው ክፉ ነገር አደርጋለሁ ብሎ አላሰበ ይሆናል፤ የዘመኑን ልማድ ጻፈ እንጂ። ልማድ ግን በመዝገብ ሲጻፍ ፍርድ ይሆናል፤ እርሱንም ለማስተካከል 123 ዓመት አስፈለገ። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የሚያከብር ደብር የኖረበትን ዘመን ሲቈጥር መዝገቡንም ይመርምር፤ ስሙ ሳይጻፍ የቀረ ድሃ፥ የሰው አሽከር ወይም የሰው ገረድ ተብሎ ብቻ የተጠራ ምእመን ቢኖር፥ በስሙ ይጥራው። ኢዮቤልዩ የነጻነት ዓመት የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።