ቤት መምታትና ቅኔ መቁጠር



የግጥም አስቸጋሪነት ሲነሣ ብዙ ሰው ቤት መምታትን ይጠቅሳል። እኔ ግን በአማርኛ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም ባይ ነኝ። ዓረፍተ ነገራችንን የሚዘጋው ግስ ስለሆነ «መጣ» ስንል «ወጣ»፣ «ጠጣ»፣ «ቀጣ» ሳይጠሩ ይከተላሉ። ብዙ ግጥም የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ምንም የማይጠጣበት ስንኝ ውስጥ ሰውዬው ድንገት ይጠጣል፤ «መጣ»ን ለማጀብ ሲባል ብቻ!

እውነተኛውን ጭንቅ ለማየት ወደ ቅኔ ቤት መሄድ ይሻላል። ዋሸራም ይሁን ጎንጅ፣ ተማሪው ከጓደኞቹ ተነጥሎ ዛፍ ሥር ቅኔ ይቆጥራል፤ አዲስ ቅኔ ይደርሳል ማለት ነው። ወረቀት የለም፤ ሁሉም በቃል ነው። መነሻው ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ገና ሩቅ ነው። ሁለት ቤት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሰሙ ከወርቁ መግጠም፣ ግእዙ ከሰዋስው አለመውጣት፣ ቤቱም የዜማውን ልክ መጠበቅ አለበት። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ አንዲት ቃል ላይ ፊታቸውን ካጨፈገጉ የቀኑ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ቢዋጣለትም አንዴ የተባለ ቅኔ አይደገምም፤ ለሚቀጥለው በዓል አዲስ ይቆጠራል።

ለማይደገም ነገር ይህን ያህል መድከም ምን ይረባል? መልሴ አጭር ነው፦ ጆሮ ያበጃል። በዚያ ያለፈ ሰው ያማረውን ቃል ከትክክለኛው ይለያል፤ ስብከት ሲሰማም፣ የሹም ንግግር ሲሰማም።

የዛሬው ገጣሚ የኔታ የለውም፤ መድረክ ላይ ቤት በመታ ቁጥር ይጨበጨብለታል። ገጣሚው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ግን ከተለመደው ባለ 6 በ6 ቀለም የወል ቤት (ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ከሚከፈልበት) ወጥቶ ስንኙን 8 በ8 ሲያደርገው፣ ኋላም «የጸጋዬ ቤት» ሲባል፣ ለሐሳቡ መተንፈሻ የፈለገ ይመስለኛል። በ1966 ዓ.ም. የታተመውን «እሳት ወይ አበባ» የተባለ መድበሉን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ቤቱ ዘግይቶ ስለሚመታ አስቀድሞ የሚሰማው ሐሳቡ ነው።

እኛ መምህራንም «የግጥሙን መልእክት አብራራ» ማለቱን ለጊዜው ትተን፣ ተማሪው በ6 በ6 ቀለም ሁለት ስንኝ ጽፎ እንዲመጣ ብናዘው ምን ይለናል? አንድ ገደብ ይኑረው፦ ቤት የሚመታው ቃል ግስ እንዳይሆን። እናንተም ዛሬ ማታ ሞክሩት፤ እስከ እራት የሚያልቅ አይመስለኝም።