ቡሹና ምልክት ያለበት ቀርከሃ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ መናገር የተለመደ ነው። እኛም ከዚያ ብዙ አንርቅም፤ ነገር ግን ንግግራችን የሚነሣው ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከአንድ ቀርከሃ፣ ከአንድ ክርና ከአንዲት ቡሽ ነው። ርእሳችን ከጀልባ መድረክ ላይ ሆኖ በተንሳፋፊ ቡሽ ትናንሽ ዓሣዎችን ስለ ማጥመድ ነውና። «ይህስ የሥራ ፈት ልጆች ነገር ነው» የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምናለን፤ ዓሣ ማጥመድም ያለ ትዕግሥት አይሆንም።

ሐይቃችን፣ ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካሉት ሐይቆች አንዱ ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን እጅግ በጠለቀበት ስፍራ 22 ሜትር ያህል ይወርዳል። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ በምድር ላይ እየታየ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ለገበያ የሚጠመዱት ዓሣዎች በተለይ ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ቲላፒያ የሚባለው ቆሮሶ፣ አምባዛና ባርበስ ናቸው። ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ወጥተው መረብ ይዘረጋሉ። እኛ ግን ጀልባም መረብም ስለሌለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ከውሃው በላይ በተዘረጋው የእንጨት መድረክ ላይ በመንጠቆ እናጠምዳለን። ማለዳ የምንሄደውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ቡሹን ሲያወዛውዘው፣ የዓሣውን መንካት ከማዕበሉ መግፋት ለይቶ ለማወቅ ያስቸግራል።

መሣሪያው ቀላል ነው። በቀርከሃው ጫፍ የናይለን ክር ይታሰራል፤ በክሩ ጫፍ ትንሽ መንጠቆ፣ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ጥቂት እርሳስ፣ ከዚያም በላይ ቡሹ ይሆናል። ማባበያው የመሬት ትል ወይም ጠንከር ብሎ የተለወሰ የስንዴ ሊጥ ነው። የቡሹ ሥራ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማባበያውን በወሰንነው ጥልቀት ላይ አንጠልጥሎ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ከውሃው በታች የሚሆነውን እኛ ማየት ስለማንችል ምልክት ይሰጠናል።

ቡሹና እርሳሱ እንዴት እንደሚመጣጠኑ በፊዚክስ ትምህርት የተማርነው የአርኪሜዴስ ሕግ ያስረዳናል። በውሃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ፣ ከስፍራው ባስለቀቀው ውሃ ክብደት ልክ ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል ያገኛል። 2 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር የሆነ ቡሽ ግማሽ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፈጽሞ ቢሰጥም ግን 2 ግራም ውሃ ያስለቅቃል። ስለዚህ አንድ ግራም እርሳስ ብናንጠለጥልበት ከዐሥር እጅ ሰባቱ ያህል ይሰጥማል፤ ሦስቱ እጅ ከውሃው በላይ ሆኖ ይታየናል። እርሳሱ ካነሰ ቡሹ በውሃው ላይ ይተኛል፤ ዓሣውም ማባበያውን ሲጎትት ቡሹ ስለሚከብደው ይተፋዋል። እርሳሱ ከበዛ ደግሞ ቡሹ ጠልቆ ይቀርና የምናየው ምልክት አይኖርም። ይህን ሕግ በክፍል ውስጥ በቃላችን አጥንተነው ነበር፤ በእውነት የገባን ግን በመድረኩ ላይ ነው።

ቡሹ እንደ ፊደል ይነበባል። ቶሎ ቶሎ የሚንቀጠቀጥ እንደ ሆነ ትናንሽ ዓሣዎች ማባበያውን እየለቀሙት ነው፤ ያን ጊዜ መጎተት ከንቱ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሄዶ ከሰጠመ ብዙ ጊዜ ቆሮሶ ነው፤ ሳይቸኩሉ ግን ሳይዘገዩ ማንሣት ይገባል። በአንድ ጊዜ ገብቶ ያልተመለሰ እንደ ሆነ አምባዛ ነው፤ ክራችን ቀጭን ስለሆነ ያን ጊዜ ክሩንም መንጠቆውንም መሰናበት ነው። አጥማጁ ጥላው በውሃው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይን ከፊቱ ማድረግ አለበት፤ በመድረኩም ላይ መራገጥ አይገባውም። ልብሱን ሰብስቦ ወደ ውሃው መግባትም አይገባውም፤ በሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ፣ በዳርቻውም የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉና።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ዘዴው ነው። አሁን ግን በጥር ወር በአንድ ቅዳሜ የደረሰብንን እንነግራችኋለን።

በዚያ ቀን አምስት ሆነን ሄድን። ከመካከላችን አንዱ ከሁላችንም የሚበልጥ አጥማጅ ነው። እርሱ የሚያጠምደው ለጨዋታ አይደለም፤ የያዘውን ሸጦ ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛበታል። አንዱን ደብተር ከፊትና ከኋላ ለሁለት ትምህርት ሲጽፍበት እያየን፣ እኛ ቁጠባ ይመስለን ነበር። በዚያ ማለዳ ቡሹ ጥቂት ሲነቃነቅ ፈጥኖ ጎተተ፤ አንዲት ቆሮሶም ወጣች። መንጠቆው የተሰካው ግን በአፏ ሳይሆን በክንፏ ሥር ነበር። በእንጨቱ ላይ ባረፈች ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ከውስጡም ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ብዙ ሕያዋን ነገሮች ፈሰሱ። ዓይን ብቻ የሆኑ ልጆችዋ ነበሩ። አንዳንዶቹ በእንጨቱ ስንጥቅ ወደ ውሃው ወደቁ፤ የቀሩት በደረቁ ሳንቃ ላይ ተንፈራገጡ። በባልዲ ውሃ እያፈሰስን ልናወርዳቸው ሞከርን፤ ለብዙዎቹ ግን ዘግይተን ነበር።

በወንጌል እንደምናነበው ጴጥሮስ መንጠቆ ጥሎ በሚይዘው ዓሣ አፍ ውስጥ ለግብር የሚሆን ገንዘብ እንደሚያገኝ ተነገረው። እኛ ግን በዓሣይቱ አፍ ውስጥ ያገኘነው ልጆችዋን ነው።

በአጠገባችን መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና፦

«ልጆቼ፣ እርስዋ በአፏ ይዛ የነበረው እኮ የመጪውን ዓመት ራታችሁን ነው» አሉን።

«አባባ፣ እኛ አላወቅንም» አልናቸው።

«አሁንስ አወቃችሁ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሰኞ ዕለት የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም እንዲህ ብለው አስረዱን። የቆሮሶ ወንድ ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ውስጥ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል። ሴቲቱ በዚያ እንቁላል ከጣለች በኋላ በአፏ ለቅማ ትይዘዋለች። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ልጆቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ፣ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል፣ በአፏ ትጠብቃቸዋለች፤ በዚያም ጊዜ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። ልጆቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። ስለዚህ ያች ዓሣ የእኛን ትል ፈልጋ አልመጣችም፤ በመንገዷ ስታልፍ በመንጠቆአችን ተያዘች እንጂ።

በዚያው ቅዳሜ በባልዲያችን የነበሩትን ቆጥረን ነበር። 23 ዓሣዎች ነበሩ፤ ከነዚህም 17ቱ ከአንድ ስንዝር ያነሱ ነበሩ። ቀደም ሲል እንዲህ ያሉትን ለድመትና ለአባ ኮዳ እየጣልን ወደ ቤት እንሄድ ነበር። ያን ጊዜ ግን አፈርን፤ ከእኛም አንዱ «ከእንግዲህ ትንንሾቹን ወደ ውሃው እንመልስ» አለ። ያ ደብተሩን በዓሣ የሚገዛው ጓደኛችን ግን ተቆጣ።

«ለእናንተ ጨዋታ ነው፤ ለእኔ ግን የደብተር ዋጋ ነው። ትንሹም ሲሰበሰብ ይሸጣል» አለን።

መልስ አልነበረንም፤ የተናገረው እውነት ነበርና። ሁለት ሳምንት ያህል ተኰራርፈን እርሱ በመድረኩ ወዲያኛው ጫፍ፣ እኛ በወዲህኛው ጫፍ ሆነን አጠመድን። ሐይቁን እንጠብቅ ማለት ለጠገበ ሰው ቀላል፣ ለቸገረው ግን ከባድ መሆኑን የተማርነው ያን ጊዜ ነው። በኋላ «እኛ የምንይዘውን ትልልቁን ዓሣ አንተ ውሰድ» ብለን ብንለምነው «ምጽዋት አልቀበልም» አለን። ይህም እውነት ነበር። በመጨረሻ አንድ መላ አገኘን። እርሱ ከሁላችንም የበለጠ ያውቃልና ቡሹን ማንበብ፣ እርሳሱን መመጠን፣ ጥልቀቱን መወሰን ያስተምረን፤ እኛም የምንይዘውን ትልቁን ዓሣ የመምህርነት ዋጋ አድርገን እንክፈለው ተባባልን። በዚህ ተስማማ። በእጁም በቀርከሃው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ለክቶ በቢላዋ ምልክት አደረገ።

ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ይህ ነው። ከምልክቱ ያነሰ ዓሣ ሁሉ በእርጥብ እጅ ተይዞ፣ መንጠቆው በቀስታ ወጥቶ፣ ወደ ውሃው ይመለሳል። በጥልቅ ባልሆነው ውሃ የቆሮሶ ጎጆ ከታየ በዚያ መንጠቆ አይጣልም። የተበጠሰ ክር በወፎች እግር እንዳይጠመጠም ተለቅሞ ወደ ቤት ይወሰዳል። በዚህ ሕግ ምክንያት አንዳንድ ቅዳሜ ባዶ እጃችንን ተመልሰናል፤ ጓደኛችንም ደብተሩን ከፊትና ከኋላ መጻፉን ገና አልተወም። ሆኖም እስከ ዛሬ ምልክቱን አልጣሰም።

አምስት ተማሪዎች በአምስት መንጠቆ ሐይቅ አያድኑም፤ ይህን እናውቃለን። ዓይኑ የጠበበ አንድ መረብ በአንድ ሌሊት የሚወስደውን እኛ በዓመት አንመልስም። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ በወረቀት ላይ ሲሆን ማለዳ በመድረኩ ላይ የሚቆመው ሰው ነው። ትንሹን ዓሣ በእጁ የያዘ ሰው ማንም ሳያየው የሚያደርገውን ራሱ ይወስናል። ወላጆቻችንን ግን አንድ ነገር እንለምናለን። በገበያ ከስንዝር ያነሰ ዓሣ ሲቀርብላችሁ አትግዙ፤ ገዥ ያጣ ነገር አጥማጅም ያጣልና። መምህራኖቻችንንም እንለምናለን፤ ከፊትና ከኋላ የተጻፈበት ደብተር ባያችሁ ጊዜ ባለቤቱን ሳታሳፍሩ ጠይቁት። እኛ ለመጠየቅ ሦስት ዓመት ፈጅቶብናል።

እነሆ፣ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን እንለያለን። ምልክት ያለበትን ቀርከሃ ከነቡሹ ለ11ኛ ክፍል ታናናሾቻችን እናስረክባለን። ቡሹ ሲንቀጠቀጥ አትቸኩሉ፤ ሲሰጥም አትዘግዩ፤ ያወጣችሁትንም በምልክቱ ለኩት። መለካቱን የሚያስተምራችሁ ጓደኛችንም ከአጠገባችን ቆሞአል።