የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሚዛን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ወጣቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ለየትኛው መመዘኛ ምን ያህል ክብደት ይሰጥ? እንድናገርበት የታዘዝሁት ይህን ነው። እኔም በዚሁ ሚዛን ላይ ተቀምጬ ያለፍሁ ስለሆነ ፍጹም ገለልተኛ ነኝ አልልም።

በአገራችን ሚዛኑ በአብዛኛው ያረፈው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ነው። ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆች የመቁረጫው ነጥብ ዝቅ ሲል ቆይቷል፤ ዝቅ የሚለውም ቢሆን ያው የፈተናው ነጥብ ነው። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው በተሰረዘ ጊዜ፣ የስንቱ ቤት ተስፋ በአንድ ቁጥር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ታየ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ።

በበኩሌ ፈተናው የመጀመሪያውን ስፍራ እንዲለቅ አልሻም። የምስክር ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ ይተካው ቢባል፣ ዘመድ ያለው እንደሚቀድም ሁላችንም እናውቃለን። ዝንባሌንም ቢሆን ብዙ አልመዝነውም። እኔ የገባሁት 70 ከመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ በሚመደብበት ዘመን ነው፤ የተመኘሁት ሕክምና ነበር፤ ዛሬ ግን ከምሕንድስና ውጣ ቢሉኝ አልወጣም።

የጎደለው ሌላ ነው። ከአንድ ውህድ የተወሰዱ ሁለት የኮንክሪት ኩቦች አንዱ ውሃ ሲጠጣ ቢሰነብት፣ ሌላው ፀሐይ ላይ ቢጣል፣ በ28ኛው ቀን ሲሰበሩ ቁጥራቸው ይለያያል። ማናችንም ታዲያ ውህዱ መጥፎ ነው ብለን አንፈርድም፤ አያያዙን እንጠይቃለን። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ቤተ ሙከራ ከሌለው የገጠር ትምህርት ቤት በዝቅተኛው ነጥብ ለጥቂት የገባ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ቡሬት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በሦስተኛው ዓመት የሕንጻ ሸክም ስሌት የሚያስረዳኝ እርሱ ሆነ።

ስለዚህ ከተማሪው ውጤት ጎን የትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤት ይጻፍ፤ ከትምህርት ቤቱ አማካይ እጅግ ርቆ የወጣ ልጅም ይታይለት እላለሁ። ይህን ሐሳብ ለአንድ የማውቀው አባት ባጫውተው፣ «የእኔ ልጅ በልጦ ሳለ ቦታው ለሌላ ሲሰጥ ምን ልበለው?» አለኝ። ለእርሱ የሚሆን የተሟላ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።