ውፍረት የምሥራች በሚሆንበት ቤት



በዓባይ በረሃ አፋፍ ባለችው ደጀን የሕፃን መወፈር የምሥራች ነው፤ ችጋርን የሚያውቅ ቤተሰብ «ወፈረ» ሲል «ተረፈ» ማለቱ ነው። ይህም ከአለማወቅ የመጣ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው ሲገኙ፣ በመላ አገሪቱ ከልክ በላይ የወፈሩት 1 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ሆኖም ከብት ሲያግድ የሚውለው የገጠር ልጅና ከወላጁ ሱቅ ሳይርቅ ለስላሳና ብስኩት ሲቀማምስ የሚውለው የከተማ ልጅ ኑሯቸው ለየቅል ነው። ለዚህኛው ጣፋጭ ማባበያ ነው፤ አያት ትሰጣለች፣ እንግዳ ይዞ ይመጣል፤ መከልከልም ንፍገት ይመስላል።

የቀነጨረ ልጅ ክብደቱ ለዕድሜው ልክ መስሎ ለቁመቱ ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ቁመቱንም ይለካ፤ ምክሩንም ለእናት ብቻ ሳይሆን ለአባትና ለአያትም ይንገር።