ቢሉን ከቆጣሪው አመሳክሩ!

የሮቤና የጎባ ነዋሪዎች! 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው መልካ ዋከና ጎረቤታችን ነው፤ የመብራት ቢሉ ግን ያስደነግጠናል። ጎበዝ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቆጣሪውን እዩት! ቢሉ ላይ ያለው «የአሁኑ ንባብ» ቆጣሪው ዛሬ ከሚያሳየው ከበለጠ፣ በግምት ተሞልቷል ማለት ነው።

ትልቁ ጉድ ሌላ ነው። ታሪፉ በእርከን ነው፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ርካሽ፣ ከዚያ በላይ ውድ። ሳይነበብ የከረመ የሦስት ወር ፍጆታ በአንድ ወር ከተጻፈ፣ በወር 50 የምትጠቀም እናት 150 እንደተጠቀመች ተቆጥሮ በውዱ እርከን ትከፍላለች። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል፤ የቆየው ፍጆታ በአዲሱ ዋጋ እንዳይሰላ!

በየወሩ ንባቡን ደብተር ላይ ጻፉ። (ባለካርድ ቆጣሪዎች ከዚህ ነፃ ናችሁ!) ተጠራቅሞ ከመጣባችሁ «በየወሩ ተከፋፍሎ ይታሰብልን» በሉ፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቅጂውን ይዛችሁ።