በወረቀት ላይ ስለሚበራ የመልካም ምኞት ካርድ

(በማኅበራችን የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ የተነገረ፤ ወላይታ ሶዶ)



ዛሬ በፊታችሁ ቀርበን የምንናገርለት ነገር ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱንም እንድታዩት ይኸው በእጃችን ይዘነዋል። አንድ ወፍራም ወረቀት ለሁለት ታጥፏል፤ በሽፋኑ ላይ አደይ አበባ ተሥሏል፤ ጥጉን በአውራ ጣት ሲጫኑት የአበባው እንብርት ይበራል። ለአንድ ጓደኛችን የልደት ቀን ብለን የሠራነው ካርድ ነው። በዚያ ምሽት እንዳጋጣሚ በመኝታ ቤታችን መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ፥ ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የያዘው ሰው ፊት ብቻ ይታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ «እንዴት አድርጋችሁ ሠራችሁት?» የሚለው ጥያቄ ስለ በዛብን፥ ለእያንዳንዱ ከመመለስ ይልቅ በማኅበሩ ፊት አንድ ጊዜ መናገር ይሻላል ብለን ተነሣን።

ነገር ግን ንግግራችን ስለ አሠራሩ ብቻ አይደለም። ካርዱን ስንሠራ፥ እናውቀዋለን ስንል የነበረውን ትምህርት እንደማናውቀው ተገለጠልን። ደግሞም በስጦታ ስም በሰው ቤት አደጋ ልናስገባ ነበር። ሁለቱንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ «የልደት ካርድ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ለሚሉት ጓደኞቻችን መልስ እንስጥ። እውነት ነው፤ ከመካከላችን የተወለደበትን ቀን ለይቶ የማያውቅ ብዙ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ሥርዓት መካሄድ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ እኛ ስንወለድ ለብዙዎቻችን መዝገቡ የእናቶቻችን ልብ ነበር። አንዱ እናቱን ሲጠይቅ «የጊፋታ ማግሥት ነው» ይባላል፤ ሌላው «በቆሎው ሲሸት ነው» ይባላል፤ ከዚህ የበለጠ ቀን አይገኝም።

ይሁን እንጂ በእጅ የተሠራ የመልካም ምኞት ወረቀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በእንቁጣጣሽ ዕለት ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ሲዘፍኑ፥ ወንዶቹ አበባና ፀሐይ፥ መልአክም ሥለው ከደጅ ደጅ እያዞሩ ሲሰጡና ሳንቲም ሲቀበሉ ያላየ ማን አለ? ከመካከላችንም በዚያ ሳንቲም እርሳስና ደብተር የገዛ አለ። በወላይታም በመስከረም አጋማሽ ሰሞን፥ በዕለተ እሑድ፥ ጊፋታ ሲብት «ዮ ዮ ጊፋታ» እየተባለ አዲሱ ዓመት ይቀበላል። ስለዚህ የልደት ቀኑን የማያውቅ ሰው ካርድ የሚቀበልበት ቀን የለውም ማለት አይደለም። ጊፋታ ለሁሉም ዓመት የሚሞላበት ቀን ነው። እኛም ካርዱን ከልደት ወደ ጊፋታ ለማሻገር ያሰብነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐሳቡን እኛ አልፈለሰፍነውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጂዬ ቺና ሊያ ቢክሊ የተባሉ ሁለት ሴቶች፥ ሲገለጥ ሥዕሉ ብድግ የሚል፥ በገጾቹም ላይ መብራት የሚበራ መጽሐፍ ሠርተው ለባለሙያዎች ጉባኤ አቅርበዋል። ከዚያም ወዲህ ይህ የወረቀት ዑደት በብዙ አገር በትምህርት ቤቶች ተለምዷል። በውጭ አገር ለዚሁ ሥራ የሚያገለግለው ከኋላው ሙጫ ያለው የመዳብ ጥብጣብ ነው። እኛ በከተማችን ሱቆች ፈልገን ስላላገኘነው፥ በእርሱ ፈንታ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቀምን። አምፖሉን ለማግኘት ደግሞ ወደ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ሄደን «ጋሼ፥ የተበላሸ የእጅ ባትሪ ይኖርዎታል?» ብንላቸው፥ «ልጆቼ፥ አምፖሉ ቶሎ አይሞትም፤ ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ነው» ብለው ከጣሉት ክምር እንድንመርጥ ፈቀዱልን። ከዚያ ክምር ኤል ኢ ዲ የሚባሉትን ትንንሽ አምፖሎች ፈታን፤ ነጮቹን ከእጅ ባትሪዎች፥ ቀዮቹን ከአሮጌ ሬዲዮዎች።

በገንዘብ የሚገዛው እንግዲህ ባትሪው ብቻ ነው። ይኸውም ሲ አር 2032 ተብሎ የተጻፈበት ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ነው። ቁጥሩ ትርጉም አለው፤ 20 የክቡን ስፋት በሚሊ ሜትር ሲናገር፥ 32 ደግሞ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። ጉልበቱ 3 ቮልት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ወረቀቱን እንደ መጽሐፍ ለሁለት አጥፋችሁ በሽፋኑ ላይ ሥዕሉን ሣሉ፤ መብራት በሚወጣበት ስፍራ በወፍራም መርፌ ብሱት። ዑደቱ የሚለጠፈው በሽፋኑ ጀርባ ነው።

ሁለተኛ፥ በጀርባው ላይ ከባትሪው ስፍራ እስከ አምፖሉ የሚደርሱ ሁለት መንገዶች በእርሳስ አሥምሩ። መንገዶቹ በየትም ቦታ መነካካት የለባቸውም።

ሦስተኛ፥ ብልጭልጩን ወረቀት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አድርጋችሁ ቁረጡና በመንገዱ ላይ በኮላ ለጥፉት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የሲጋራ ወረቀት በአንድ ፊቱ ብረት፥ በሌላው ፊቱ ተራ ወረቀት ነው፤ ኮረንቲ የሚያልፈው በብረቱ ፊት ብቻ ነው። መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ወረቀቱን ብታጥፉት ተገልብጦ የወረቀቱ ፊት ወደ ላይ ይሆናል፤ ሁለት ቁራጭ ብትቀጥሉ ደግሞ በመካከል ኮላው ይከለክላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንደ መንገዱ ቅርጽ ጥምዝ አድርጎ አንድ ወጥ መቁረጥ ነው። እኛ ይህንን እስክናውቅ ድረስ ሰባት ካርድ አበላሽተናል።

አራተኛ፥ የአምፖሉን ሁለት እግሮች ግራና ቀኝ ዘርጉና በየመንገዱ ላይ በፕላስተር አጥብቁ። ረጅሙ እግር የፖዘቲቭ፥ አጭሩ የኔጋቲቭ ነው፤ ከተገለበጠ አይበራም። ከድሮ ዕቃ የተፈታ አምፖል እግሩ ተቆርጦ ከሆነ የአምፖሉን ክፈፍ ዳሱት፤ ጠፍጣፋ በሆነው በኩል ያለው እግር ኔጋቲቭ ነው።

አምስተኛ፥ ባትሪውን የመደመር ምልክት ያለበትን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ በኔጋቲቩ መንገድ ጫፍ ላይ አኑሩ። የፖዘቲቩ መንገድ ጫፍ በወረቀቱ ጥግ ላይ ይሁንና ጥጉ ተቀልብሶ በባትሪው ላይ ሲጫን ይንካው፤ ያ ጥግ ማብሪያችሁና ማጥፊያችሁ ነው። የባትሪው ጎንም ፖዘቲቭ መሆኑን አትርሱ። ከሥር ያለው ብልጭልጭ ተሸብሽቦ ጎኑን ከነካ ኮረንቲው አምፖሉን ሳይጎበኝ በአቋራጭ ይመለሳል፤ ባትሪውም ባዶ ይቀራል።

ከዚህ በላይ ሌላ ምሥጢር የለውም። በወላይታና በዳውሮ ዞኖች መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው፥ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዚያ ያሉት መሣሪያዎች ከእኛ ካርድ ጋር አይወዳደሩም፤ ነገር ግን ኮረንቲ ወጥቶ የሚመለስበት መንገድ ካልተዘጋ አምፖል እንደማይበራ የሚያዝዘው ሕግ ለሁለቱም አንድ ነው።

አሁን ወደ ውድቀታችን እንምጣ። የመጀመሪያው ካርድ ከተሳካ በኋላ ልባችን ስለ ጨመረ፥ አንድ ቀይና አንድ ነጭ አምፖል በአንድ ባትሪ ላይ ጎን ለጎን አድርገን አገናኘን። በተከታታይ ብናገናኛቸው ባትሪው እንደማይበቃ አውቀን ነበርና ጠንቃቆች የሆንን መሰለን። ጥጉን ብንጫነው ቀዩ ደምቆ በራ፤ ነጩ ግን ጨለማ ሆነ። ነጩን ለወጥነው፤ ያው ነው። ሦስተኛ ለወጥን፤ ያው ነው። «አምፖሎቹ ተቃጥለዋል» ብለን ፈረድንና እነዚያን ሦስቱን ለየብቻ ብንሞክራቸው ሁሉም በሩ!

ከመካከላችን የኦምን ሕግ በቃሉ የማይወጣ አልነበረም። በፈተናም ጽፈነዋል፤ ውጤትም አግኝተንበታል። ሆኖም በዚያች ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት ሰዎች ተቀምጠን አንድ ሰዓት ሙሉ ምክንያቱን ልንናገር አልቻልንም። ብዙዎቻችን በተማርንባቸው ትምህርት ቤቶች ዑደት ማለት በጠመኔ የተሣለ ሥዕል ነበር፤ በሰሌዳ ላይ የተሣለ አምፖል ደግሞ አልበራም ብሎ ማንንም አያሳፍርም።

በመጨረሻ ከጠጋኙ ቴስተር ተውሰን ለካን። ቀዩ ሲበራ በሁለቱም ላይ የሚገኘው ወደ 2 ቮልት ገደማ ነው። ቀይ ኤል ኢ ዲ ለመብራት የሚበቃው ይኸው ነው፤ ነጩ ግን ወደ 3 ቮልት ይፈልጋል። ትንሹ ባትሪ በውስጡ የራሱ ተቃውሞ ስላለው ቀዩ ሲስበው ይደክማል፤ ቀዩም የራሱን ድርሻ ሲወስድ ለነጩ የሚበቃ አይተርፍም። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። ወይም በቀዩ መንገድ ላይ 220 ኦም ያህል ሬዚስተር ማስገባት፥ ወይም ሁሉንም ነጭ አድርጎ በላያቸው ባለ ቀለም የከረሜላ ወረቀት መለጠፍ። እኛ ሁለተኛውን መረጥን።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ሥራው ሲቃናልን አርባ ካርድ ሠርተን ለጊፋታ በሠፈሩ ላሉ ሕፃናት ለማደል ወሰንን። ይህንንም በደስታ ስናወራ በጤና ትምህርት ክፍል ካሉት እኅቶቻችን አንዷ አስቆመችንና «ባትሪውን ማን ይጠብቀዋል?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረንም። እርስዋም ያስረዳችንን ለእናንተ እናስተላልፋለን። ሕፃን ይህን ባትሪ ቢውጥና በጉሮሮው ቧንቧ ቢሰነቀር፥ ኮረንቲው በምራቁ እርጥበት ውስጥ ሲያልፍ የሚያቃጥል ነገር ይፈጥራል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን አቃጥሎ ሊበሳው ይችላል። ሕፃኑ የዋጠውን አይናገርም፤ ሳል ወይም ምግብ እንቢ ማለት ብቻ ሊታይበት ይችላል። በአሜሪካ በዚህ ምክንያት ሕፃናት ስለ ሞቱ፥ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. የባትሪውን ቤት ሕፃን እንዳይከፍተው አድርጎ መሥራትን የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ማስታወክ አይገባም፤ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

እውነቱን ለመናገር በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን «ሁሉን ከፈራን ምን ልንሠራ ነው?» አልን። ነገር ግን ስንቶቻችን በቤታችን በዳዴ የሚሄድ ወንድም ወይም እኅት እንዳለን ብንቆጥር ክርክሩ ወዲያው አለቀ። የተስማማንበትም ይህ ነው።

ባትሪ ያለበት ካርድ ለትልልቆች ብቻ ይሰጣል፤ ታናናሽ ሕፃናት ባሉበት ቤት አይገባም። ባትሪው የሚቀመጥበት ኪስ ከወፍራም ካርቶን ይሠራል፤ ዙሪያውን በክር ይሰፋል፤ ያለ ምላጭ የማይከፈት ይሆናል። ባትሪዎች ሲገዙ ተቆጥረው ይጻፋሉ፤ ሥራው ሲያልቅም ተቆጥረው ይመለሳሉ። ያለቀ ባትሪ በሜዳ አይጣልም፤ በደመራም ሆነ በሌላ እሳት ውስጥ አይገባም፤ ሊፈነዳ ይችላልና። ለሕፃናቱ ደግሞ ባትሪ የሌለው ካርድ ይሠራላቸዋል። አበባው በመርፌ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይበሳና ከኋላው ስስ ባለ ቀለም ወረቀት ይለጠፋል፤ ልጁ ወደ መስኮቱ ከፍ ሲያደርገው ፀሐይ ታበራለታለች። ይህን ከሠራን በኋላ፥ ከሁሉም የሚያምረው እርሱ ነው የሚሉ ወዳጆች አግኝተናል።

ክቡራን መምህሮቻችን፤ ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ስለ ዑደት በምታስተምሩበት ሳምንት አንዲት ሰዓት ፍቀዱልን። ዕቃውን እኛ እናመጣለን፤ ሃያ ወረቀት፥ ሃያ አምፖልና የተቆጠሩ ሃያ ባትሪዎች ይበቃሉ። ካርዱ እንቢ ያለው ተማሪ ምክንያቱን ራሱ እስኪያገኘው ድረስ እባካችሁ ቶሎ አትንገሩት። እኛን ያስተማረችን ያች የጨለመች ሰዓት ናትና።

እናንተም ጓደኞቻችን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ክፍል እንገኛለን። የተበላሸ የእጅ ባትሪ፥ አሮጌ ሬዲዮ፥ የሲጋራ ብልጭልጭ ያለው ይዞ ይምጣ። አምፖሉን የሚፈታ፥ ሥዕሉን የሚሥል፥ ኪሱን የሚሰፋ፥ በአማርኛና በወላይትኛ ቃሉን አሳምሮ የሚጽፍ ሁሉ ሥራ አለው።

ከመካከላችን አንዱ የሠራውን ካርድ ለእናቱ ይዞ ሊሄድ ተዘጋጅቷል። እናቱ የተወለዱበትን ቀን አያውቁም፤ የሚያውቅላቸውም ዘመድ በሕይወት የለም። ስለዚህ በካርዱ ላይ ቀን አልጻፈበትም። «እማዬ፥ ዮ ዮ ጊፋታ» ብሎ ጽፎ፥ ጥጉን የት ላይ እንደሚጫኑ በእርሳስ ምልክት አድርጎላቸዋል።