ወደ ግራንድ ካንየን የሚደረግ የባቡር ጉዞ እንዴት ይታሰባል?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሰሞን ለጂኦግራፊ ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችሁ ፕሬዚዳንት ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ፥ ስለ ጉዞ ደስታ ሳይሆን ስለ ጉዞ ዝግጅት እንድናገር አደራ ብሎኛል። ምክንያቱንም ሲያስረዳኝ፥ ማኅበሩ በመጪው ዕረፍት በባቡር ወደ አዋሽ ለመሄድ አስቦ ሳለ ከአባሎቹ ግማሹ ስለ ስንቅ፥ ግማሹ ስለ ፎቶግራፍ ያስባል እንጂ ስለ ሰዓት የሚያስብ አንድም ሰው አልተገኘም አለኝ። እኔም ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ ኑሮዬ በሎስ አንጀለስ ስለ ሆነ፥ በ2019 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከአባቴ ጋራ ወደ ግራንድ ካንየን ያደረግሁትን ጉዞ ልነግራችሁ መረጥሁ። ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር፥ ሰዓቱን ግን በኛው አቆጣጠር እናገራለሁ። አባቴም እነሆ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ይሰሙኛል፤ ስለዚህ ጥፋቴን ልደብቅ ብል የሚያጋልጠኝ ቅርብ ነው።

ግራንድ ካንየን የሚገኘው በአሜሪካ አገር በአሪዞና ክፍል ውስጥ ነው። የኮሎራዶ ወንዝ ባለፉት አምስት ወይም ስድስት ሚሊዮን ዓመታት መሬቱን እየሰረሰረ ያበጀው ሸለቆ ሲሆን፥ ርዝመቱ በወንዙ መንገድ 446 ኪሎ ሜትር፥ ስፋቱ ሰፊ በሆነበት ስፍራ 29 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቀቱም ባንዳንድ ቦታ ከ1,600 ሜትር ይበልጣል። ያባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የተሻገረ ሰው በመጠኑ ሊገምተው ይችላል። ከላይ ከአፋፉ ላይ ያለው ድንጋይ ዕድሜው ወደ 270 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን፥ ከታች ከወንዙ ዳር ያለው ጥቁሩ ድንጋይ ወደ 1,700 ሚሊዮን ዓመት ነው። ይህን ያኽሉን ከመጽሐፍ ልታገኙት ስለምትችሉ አልቆይበትም።

አባቴ በወጣትነታቸው እዚሁ ድሬዳዋ በምድር ባቡር የጥገና ቤት ተቀጥረው፥ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከፉርጎና ከመንኰራኵር ሳይለዩ የኖሩ ሰው ናቸው። በ71 ዓመታቸው እኔን ሊጠይቁ ሎስ አንጀለስ በመጡ ጊዜ፥ «አባባ፥ ምን ላሳይዎት?» ብላቸው ባሕሩንም ረጃጅሙንም ፎቅ ትተው «ባቡር» አሉኝ። በከተማችን ካንየኑን ማየት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በመኪና ነው። ነገር ግን የደም ግፊት ስላለባቸው ለረጅም ሰዓት እግራቸውን አጥፈው እንዳይቀመጡ ሐኪም መክሮአቸው ነበርና፥ በባቡር ለመሄድ በቂ ምክንያት አገኘን። ሐኪሙ ባይመክርም ኖሮ ሌላ ምክንያት እንደማያጡ አውቃለሁ።

ወደ ካንየኑ የሚወስደው ሐዲድ የሚነሣው ዊልያምስ ከምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፥ ርዝመቱ 103 ኪሎ ሜትር ያኽላል። የመጀመሪያው የመንገደኛ ባቡር ካንየኑ አፋፍ የደረሰው በመስከረም 17 ቀን 1901 ዓ.ም. ነው። የኛ ምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ዓ.ም. ስለ ሆነ ሁለቱ የእኩያሞች ያኽል ናቸው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ተመልካች የሚሄደው በፈረስ በሚሳብ ሠረገላ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲንገላታ የሚውል ሲሆን፥ ለዚህም 15 ዶላርና ከዚያም በላይ ይከፍል ነበር። ባቡሩ ዋጋውን ወደ 3 ዶላር ከ95 ሳንቲም አወረደው። ኋላ ግን መኪና እየበዛ ስለ ሄደ መንገደኛው ባቡሩን እየተወው መጣ፤ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. አገልግሎቱ ሲቋረጥ በመጨረሻው ባቡር ላይ የነበሩት ሦስት መንገደኞች ብቻ ነበሩ። ይህን ለአባቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው፥ «ሦስት ሰው! ነጂው ምን ተሰምቶት ይሆን?» አሉ። እኔ ስለ መንገደኞቹ ሳስብ እሳቸው ያሰቡት ስለ ነጂው ነው። መሥመሩ እንደገና የተከፈተው በመስከረም 17 ቀን 1989 ዓ.ም.፥ ማለት በ88ኛ ዓመቱ ባንድ ቀን ነው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ ልምጣ። እኔ ዝግጅት ማለት ትኬት መግዛት ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያ አንድ ወዳጄ በሰጠኝ አሮጌ የመንገደኛ መጽሐፍ ላይ፥ ከሎስ አንጀለስ የሚመጣው ባቡር ዊልያምስ አጠገብ በጫካ ውስጥ ባለች መቆሚያ ላይ እንደሚያወርድ አነበብሁና እሱን ይዤ ዕቅዴን ጻፍሁ። ትኬቱን ልገዛ ስል ግን ባቡሩ ከ2018 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ በዚያች መቆሚያ እንደማይቆም ተረዳሁ። ስለዚህ አንድ ጣቢያ አልፎ ፍላግስታፍ በምትባል ከተማ ወርዶ፥ ከዚያ ከ50 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ በመኪና ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆነ። የቆየ መጽሐፍ ስለ ድንጋይ ዕድሜ ቢነግራችሁ እመኑት፤ ስለ ባቡር መቆሚያ ቢነግራችሁ ግን ጠይቁ።

በዚህ አኳኋን የተሰናዳው ዕቅዴ እንዲህ ያለ ነበር። ከሎስ አንጀለስ በምሽት ወደ 12 ሰዓት ላይ ተነሥተን ሌሊቱን ስንጓዝ አድረን፥ ገና ጨለማ ሳለ ፍላግስታፍ መድረስ፤ ከዚያ አስቀድሞ በተነጋገርነው መኪና ዊልያምስ መግባት፤ ከጧቱ በ3 ሰዓት ተኩል በካንየኑ ባቡር ተሳፍረን ለ6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መድረስ፤ ከቀኑ በ9 ሰዓት ተኩል በዚያው ባቡር ተመልሰን ለምሽቱ 12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዊልያምስ መግባት፤ ከዚያም እንደገና በመኪና ወደ ፍላግስታፍ ሄደን የሌሊቱን ባቡር መያዝ። ሁሉም እንደ ጉርብጥ ድንጋይ ካብ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ ነው። ካንየኑን ለማየት የሚቀረን ሦስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሲሆን፥ እኔ በዚህ ውስጥ ሰባት ነገር ለማየት ጽፌአለሁ። ከሰባቱም አንዱ «ወደ ካንየኑ መውረድ፥ ግማሽ ሰዓት» የሚል ነው።

ወረቀቱን ለአባቴ ባሳየኋቸው ጊዜ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ካነበቡት በኋላ፥ «ልጄ፥ ትርፉ ሰዓት የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። በምድር ባቡር ሥራ ትርፍ ደቂቃ ሳይያዝ የጊዜ ሰሌዳ እንደማይወጣ ነገሩኝ። እኔም ይህ የጥንት ነገር ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

ከዊልያምስ የሚነሣው ባቡር መንገዱን በዝግታ የሚሄድ ነው። የጥድ ጫካ፥ ከዚያ ሣር ብቻ የሆነ ሜዳ፥ ከዚያ ደግሞ ጫካ ይታያል፤ ጊታር የያዘ ዘፋኝም በፉርጎዎቹ እየተዘዋወረ ያጫውታል። በ1923 ዓ.ም. የተሠራች 4960 የምትባል በእንፋሎት የምትሄድ የባቡር ራስ አለቻቸው፤ ምግብ ተጠብሶበት ከወጥ ቤት የተጣለ ዘይት እያቃጠለች ትሄዳለች፤ የምትወጣው ግን አንዳንድ ቀን ብቻ ስለ ሆነ እኛ የደረሰን ዲዝል ነው። ለአባቴ አዘንሁላቸው፤ እሳቸው ግን፥ «የኔም ዘመን የዲዝል ነው፥ ምን አጣሁ?» ብለው በመስኮቱ አንገታቸውን እያወጡ የሐዲዱን ስፋት ሲመለከቱ ቆዩ። የኛው አሮጌው ሐዲድ አንድ ሜትር ሲሆን የዚያኛው 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው።

ስንደርስ ጣቢያው በግንድ የተሠራ ቤት ሆኖ አገኘነው። እስከዚህ ድረስ ምንም ገደል አይታይም። ዛፉ ዛፍ፥ ሜዳው ሜዳ ነው። ደረጃውን ወጥተን በ1905 ዓ.ም. የተከፈተውን ትልቁን ሆቴል አልፈን ጥቂት እንደ ተራመድን ግን መሬቱ በድንገት አለቀ። ከእግራችን በታች ቀዩ፥ ቢጫው፥ አመዳማው ድንጋይ በንብርብር እየሆነ ይወርድና፥ በውስጡ ሌሎች ተራሮች ቆመው ይታያሉ፤ እኛ ግን ከተራሮቹ ጫፍ በላይ ነን። የደመና ጥላ ባንዱ ተራራ ላይ ሲያልፍ ቀለሙ ይለወጣል። ከማዶ ያለው አፋፍ በአሞራ መንገድ 16 ኪሎ ሜትር ያኽል ሲሆን በመኪና እሄዳለሁ ለሚል ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

አባቴ የብረቱን አጥር ይዘው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፥ «ድልድዩስ?» አሉኝ። አዋሽ ላይ የባቡር ድልድይ ሲጠገን ያዩ ሰው ስለ ሆኑ ገደል ሲያዩ የሚታያቸው ድልድይ ነው። እኔም ያነበብሁትን ነገርኋቸው፤ ይኸውም ከታች በ1928 ዓ.ም. የተሠራ፥ እግረኛና በቅሎ የሚሻገርበት፥ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ አለ። ዋናዎቹ የሽቦ ገመዶች እያንዳንዳቸው አንድ ቶን ያኽል የሚመዝኑ ሆነው በበቅሎ ሊወርዱ ስላልቻሉ፥ 42 ሰዎች በየትከሻቸው ላይ አድርገው በሰልፍ ተሸክመው አወረዱአቸው። ከሰዎቹም የሚበዙት ሃቫሱፓይ የሚባሉት የዚያው ሸለቆ ነባር ነገድ ናቸው። አባቴ ይህን ሲሰሙ አግዳሚ ወንበር ፈልገው ተቀመጡና፥ «እኔ ከዚህ አልነሣም፤ አንተ የጻፍኸውን እይ» አሉኝ።

ምሳ ከበላን በኋላ 7 ሰዓት ተኩል ላይ እኔ ብቻዬን ብራይት ኤንጅል በሚባለው የእግር መንገድ ወረድሁ። መንገዱ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ቁልቁለቱም እግርን ራሱ ይወስዳል። ባንዱ መታጠፊያ ስደርስ የሚቀጥለው ይሻላል እያልሁ፥ ግማሹን ሰዓት አልፌ በ40ኛው ደቂቃ ቆምሁ። ወደ ላይ ስመለከት የተነሣሁበት አፋፍ እንደ ግንብ ጫፍ ራቅ ብሎ ታየኝ። አፋፉ ከባሕር ወለል ወደ 2,100 ሜትር ከፍ ይላል፤ እኔ ደግሞ የመጣሁት ከባሕር ዳር ከተማ ነው። አንድ መቶ እርምጃ ስወጣ ትንፋሼ ተቆረጠ። ጉልበቴ ቢበረታም ሳንባዬ እንቢ አለ። የፓርኩ ጠባቂዎች ለመውጣት ከመውረጃው እጥፍ ጊዜ ያዙ የሚሉትን ያነበብሁት አፋፉ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎኝ አልፌዋለሁ።

ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ውሃ ለመጠጣት ቦርሳዬን ስከፍት፥ በውስጡ የሁለታችንም ትኬት፥ የአባቴም መድኃኒት እንዳለ አየሁ። ኪኒኑን የሚወስዱት በ8 ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ 9 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። እንግሊዝኛ የማያውቁ ሽማግሌ፥ ያለ ትኬት፥ ያለ መድኃኒት፥ ያለ ስልክ፥ ጥቅምት ብርዱ በጀመረበት ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጫለሁ። ከዚያ በኋላ ካንየኑን አላየሁትም፤ የማየው የጫማዬን ጫፍ ብቻ ነው።

አፋፉ ላይ ስወጣ 9 ሰዓት ከ20 ሆኗል። አግዳሚው ወንበር ባዶ ነው። እየሮጥሁ ወደ ጣቢያው ስወርድ፥ አባቴ ከባቡሩ ደረጃ አጠገብ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። የባቡሩ ተቆጣጣሪ እንዲገቡ በእጁ ያመለክታቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ወደ ገደሉ እያመለከቱ «ማይ ሰን፥ ማይ ሰን» ይሉታል። የሚያውቁት እንግሊዝኛ ያ ብቻ ነበር። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ። ገባን። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ባቡሩ ተነሣ።

ኪኒናቸውን ከዋጡ በኋላ እጃቸውን ስይዝ ቀዝቅዟል። ይቅርታ ብላቸውም አልመለሱልኝም። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ዕቅዱ የተጻፈበትን ወረቀት ጠየቁኝና ከኪሳቸው እርሳስ አወጡ። «ወደ ካንየኑ መውረድ፥ ግማሽ ሰዓት» ከሚለው አጠገብ አንዲት ቃል ጻፉና መለሱልኝ። ወረቀቱን ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ከኋላ ላላችሁት ላንብብላችሁ፤ «መውጣትስ?» ይላል። ያን ሁሉ ሰዓትና ደቂቃ ስጽፍ መውጣት የሚለውን ቃል በፍጹም አልጻፍሁትም ነበር።

የሌሊቱን ባቡር ፍላግስታፍ ላይ ያገኘነው በመኪናችን ነጂ ትጋት ነው፤ ስለሱ ሌላ ጊዜ እነግራችኋለሁ።

አሁን ለሁለተኛው ጉዞ ተሰናድተናል። በዚህ ጊዜ ሁለት ሌሊት አፋፉ ላይ እናድራለን፤ ጀንበር ስትጠልቅና ስትወጣ ለማየት ሌላ መንገድ የለም። እዚያ ያሉት ሆቴሎች ከ13 ወር በፊት መከራየት ስለሚቻል፥ ቶሎ ያላሰበ ሰው ክፍል አያገኝም። ትኬቱን እያንዳንዳችን በየኪሳችን እንይዛለን፤ መድኃኒቱ ከባለቤቱ አይለይም። የሚታየው ነገር ከሰባት ወደ ሁለት ወርዷል። ለመውረድ የተፈቀደልኝ 20 ደቂቃ ሲሆን ለመውጣት አንድ ሰዓት ተይዞልኛል፤ ይህን የወሰኑት አባቴ ናቸው።

 ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ። የአዋሹን ጉዞ ዕቅድ የጻፈው ልጅ ግን ወረቀቱን ወደ ፊተኛው ወንበር ያምጣ፤ እርሳሳቸውን ይዘዋል።